ይግቡ፣ ይቀመጡ

እናትየዋ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ኩሽና ስትገባ፣ ድምቡሼ ትንሿን የፕላስቲክ ወንበር በሁለት እጇ እየጎተተች አምጥታ ፊት ለፊቷ ገተረችላት። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው አገጯን ሰብሰብ አድርጋ፣ እጇን ወደ ወንበሩ ዘርግታ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለቻት። ድምቡሼ አራት ዓመት እንኳን በቅጡ አልሞላትም። ማታ «አንቺ እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ፣ ደግሞ ቀዝቃዛውን» ብላ አዝዛ፣ ጠጥታ፣ የተረፈውን አንሶላው ላይ ደፍታ የተኛች ልጅ ናት። በአንድ ሌሊት እናቷ አንቱ ሆነችባት። እናትየዋ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቀጥ አለ፤ ምክንያቱም በዚህ ቤት «ይግቡ፣ ይቀመጡ» የሚባለው ለእንግዳ ነው። ለአከራዩ ነው፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለሚመጣው ሰውዬ ነው። እናት ኩሽናዋ ስትገባ ማን ይግቡ ይላታል?

«ማነው እንዲህ በይ ያለሽ የኔ ቆንጆ?»

ድምቡሼ ዞር ብላ አያቷን አየች። አያትየዋ የእናትየዋ ባል እናት ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ብርጭቆ ያጥባሉ። ብርጭቆው ከጠራ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን ማጠቡን አልተዉም። ትከሻቸው ነቅነቅ ያለ መሰላት። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ የሰውን ልብ የሚያውቅ አንድ እሱ ብቻ ነው።

«ልጅ አይደለች እንዴ፣ ከየትም ትለቅማለች» አሉ ዞር ሳይሉ። «ሻይሽን ጠጪ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

እውነት ለመናገር ነገሩ የዛሬ ብቻ አልነበረም። ስራ ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም፤ አማቷ አንድ ሻንጣ ይዘው የመጡት በስራው መጀመሪያ ዋዜማ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አንዴ ከወጣ ብዙ ቀን አይመለስም፤ «እናቴ ካለች አታስቢ» ብሎ ሄደ። እሷም አላሰበችም ነበር። ከዚያ የስኳሩ ጣሳ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ወረደ። የድምቡሼ ልብስ አስተጣጠፉ ተቀየረ። ፀጉሯን እናትየዋ ሁለት ቦታ ብቻ ነበር የምትይዝላት፤ አሁን በቀጭን በቀጭኑ ተሰርቶ፣ ጫፉ ላይ ዶቃ ገብቶበት ይገኛል። እንዲህ ያለ ሹሩባ የአያትየዋ እጅ አይችልም፤ ጣታቸው ያማቸዋል። የሚችለው የሴት ልጃቸው እጅ ነው። የባሏ ታላቅ እህት ፀጉር ቤት አላት፣ መኪናም አላት፣ ሰፊ ቤትም አላት፤ ልጅ ብቻ የላትም። ስንት ዓመት ለምናለች፣ ፈጣሪ ገና አልሰማትም። ድምቡሼ ስትወለድ ሊጠይቁ መጥተው፣ አቅፋት አልሰጥም አለችና «ይቺን ለኔ ስጪኝ፣ አንቺ ሌላ ትወልጃለሽ» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። አማቷ ብቻ አልሳቁም። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም፤ ዛሬ ሻይዋን ቆማ ስትጠጣ ግን ያ ያልተሳቀ ሳቅ ትዝ አላት።

ልትወጣ ጫማዋን ስትፈልግ ከበሩ ጀርባ የድምቡሼን ቀይ ጫማ አየችው። ለክፉም ለደጉም ተብሎ በካርቶን የሚቀመጥ ጫማ ነው፤ ውድ ነው፣ እግሯ ሳያድግ እንዳያልቅ ብላ ራሷ ነበረች ያስቀመጠችው። አነሳችና ገለበጠችው። ሶሉ አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ ስንጥቁ ውስጥ ጠጠር ተሰክቷል። ይህ ግቢ ውስጥ የሚገኝ አቧራ አይደለም፤ ብዙ የተሄደበት ነው። ቀና ስትል አማቷ ከኩሽናው በር ሆነው እያዩዋት ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ብትጠይቅ መልስ ታገኝ ነበር፤ የፈራችው ግን ጥያቄውን ሳይሆን መልሱን ነው። ጫማውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ድምቡሼ እየሮጠች መጥታ ጉንጯን ሳመቻትና፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ በዚያችው የትልቅ ሰው ድምፅ «እግዜር ይማርዎት» አለቻት።

ምን ሆንኩና ነው የሚምረኝ? ደረጃውን ስትወርድ ይህንኑ ታመነዥካለች። ይማርዎት የሚባለው ለታመመ ነው። እናትሽ ታማለች ብለዋት ይሆን? ለመለያየት የሚዘጋጁ ሰዎች ልጅን እንዲህ በእንዲህ ነው የሚያለማምዱት፤ መጀመሪያ አንቱ ያስብሏታል፣ ቀጥሎ ታመመች ይሏታል፣ ቀጥሎ ደግሞ ለጥቂት ቀን አክስትሽ ጋ እደሪ ይባላል።

ከሰፈሩ መውጫ ላይ ያለችው ባለሱቅ ስሟ ሌላ ነው፤ ሁሉም የሚያውቃት ግን «ሬዲዮ» በሚለው ነው። ሳሙናም ትሸጣለች፣ ወሬም ትሸጣለች፤ ወሬው ግን በነፃ ነው። እናትየዋ ለመንገድ ሶፍት ልትገዛ ጎራ አለች።

«ይሄም ጨመረ እንዳትዪኝ፣ እኔ አልጨመርኩም» አለች ሬዲዮ ሶፍቱን እየሰጠቻት። «ዘይቱም፣ ሳሙናውም… ተይው። ስሚማ፣ አማትሽ ግን ሲያምርባቸው! በየቀኑ ልክ አንቺ ከሄድሽ ትንሽ ቆይተው ሽክ ብለው፣ ልጅቷን ቀይ ጫማ አልብሰው ብቅ ነው። የት ነው እማማ ስላቸው 'ለጉዳይ' ይሉኛል። የምን ጉዳይ ነው በየቀኑ የማያልቅ?»

«ሐኪም ቤት ይሆናላ» አለች እናትየዋ። ከየት አምጥታ እንዳለችው አታውቅም።

«በቀይ ጫማ?» አለች ሬዲዮ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። ከፊቷ አንዲት ሴት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ብስኩት ትበላለች፤ እናትየዋ እሷን ላለማየት የመስኮቱን ማስታወቂያ አነበበች፣ ጨረሰችው፣ ደግማ አነበበችው። ስራው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሀሳብ ይዘው የሚገቡበት አይደለም። የጥርስ ክሊኒክ ተቀባይ ናት። ክሊኒኩ መንገድ ዳር፣ ምድር ቤት ላይ ነው፤ ሦስት ክፍል፣ አንድ የመጠበቂያ ሳሎን፣ በሩ ጎን የሷ ጠረጴዛ። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መነጽር የሚሰራው ሰውዬ ሱቅ አለ፤ ሲያስነጥስ ይሰማታል። ጉንጩ ያበጠ፣ መንጋጋውን በእጁ የደገፈ፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ይመጣል፤ እሷ ትቀበለዋለች። ኃላፊዋ በመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቀቻት አንድ ነገር ነው። «እዚህ አንተ የለም፣ አንቺ የለም። ጡት ያልጣለ ሕፃን ቢመጣ እርስዎ ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ክብር ካገኘ ግማሹ ይሻለዋል። ገባሽ አንቺ?» አለቻት።

የመጀመሪያው በሽተኛ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ ጎረምሳ ነበር። «ይግቡ፣ ይቀመጡ። ማን ልበል?» ስትለው ከኋላው ትልቅ ሰው የቆመ መስሎት ዞሮ አየ። «እርስዎን ነው» አለችው። «እኔን?» አለና፣ ያበጠ ጉንጩን እንደያዘ ደረቱን ነፋ። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ሲወጣ «እግዜር ይማርዎት» አለችው፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ እጇ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይማርዎት። የራሷ ቃል ነው! ቃል በቃል፣ ድምፁ ሳይቀር። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ተናግራ አታውቅም፤ ማታ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ የክሊኒኩን ወሬ ጨርሶ አታነሳም፣ ደክሟት። ታዲያ ማነው ከዚህ ሰምቶ፣ ቤቷ ወስዶ፣ ልጇ አፍ ውስጥ የከተተው?

ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። የባሏ እህት ባለፈው ሳምንት መንጋጋ ጥርሷን ልታስነቅል መጥታ ነበር። ተራ እስኪደርሳት ያ ጥግ ላይ፣ እግሯን አነባብራ፣ ጠዋቱን ሙሉ ስታያት ስታዳምጣት ነበር። «አይ አንቺ፣ አንደበትሽ እንዴት ተገርቷል» ብላት ነበር ስትወጣ። አሁን ገባት። እዚያ ሰፊው ቤት፣ ወፍራሙ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እያስመሰሉባት እየሳቁ፣ ልጇን «እስቲ እናትሽ እንዴት ነው የምትለው?» እያሉ። ሹሩባውም፣ ቀይ ጫማውም፣ ጉዳዩም ቦታ ቦታውን ያዘ። እሷ የሰው ጥርስ ስትጠብቅ፣ የሷን ልጅ ሰው እየወሰደባት ነው።

አማቷ ጋ ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን ዘግተዋል» አለች የተቀዳችው ሴትዮ። ስልክ የሚዘጉት ለምንድነው? ደግማ ደወለች፣ ያው። በመሀል ሁለት በሽተኞች ገቡ፣ አንዷ ከዋጋው ላይ ቀንሺልኝ ብላ ተከራከረቻት፣ «እኔ አይደለሁም የምወስነው» እያለች አፏ ብቻ ይሰራል። ከዚያ ለባሏ እህት ደወለች። ከኋላ የፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል።

«እትዬ፣ እማማ አንቺ ጋ ናቸው?»

«እማማ? እኔ… እኔ ጋ? ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። ስልክ ስለዘጉ ነው።»

«ኧረ እኔ ጋ አልመጡም። ካርድ… ማለቴ ባትሪ አልቆባቸው ይሆናላ። ቆይ የኔ እህት፣ ፀጉር ይዣለሁ፣ እደውልልሻለሁ።»

አልደወለችም። እውነት የያዘ ሰው እንዲህ አይንተባተብም። እናትየዋ ስልኩን አስቀምጣ ትንሽ ቆየችና ተነስታ የኃላፊዋን በር አንኳኳች። ቤት አስቸኳይ ነገር አለብኝ፣ ደርሼ ልምጣ አለች። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየቻት። ምን ዓይነት አስቸኳይ? የታመመ ሰው አለ? የለም። እሳት ተነሳ? አልተነሳም። «እንግዲህ ገና በሙከራ ላይ ነሽ። ያ ሳሎን ሙሉ ነው። ከወጣሽ ውጪ፣ አልይዝሽም፤ ነገ ግን ለመምጣት አትድከሚ» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ቁጣ የለባትም፣ ያ ነው የባሰው።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ቆመች። ይህን ስራ ያገኘችው ስንት በር አንኳኩታ ነው። ልጅ አለሽ ወይ ብለው ያልጠየቋት፣ አለኝ ስትል ፊታቸውን ያላጠቆሩባት እዚህ ብቻ ናቸው። በራሷ ደሞዝ ለድምቡሼ የምትገዛውን ካፖርት ሱቁ መስኮት ላይ አይታ መርጣዋለች። አምላኬ ምን ላድርግ አለች በልቧ፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም። ኮቷን ለበሰች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ በሽተኞቹ እያዩዋት በፊት ለፊት መውጣቱ አሳፈራትና በኋላ በኩል ባለው ጠባብ ኮሪደር ወጣች። ኮሪደሩ የመነጽር ሱቁን በረንዳ ይዞ ነው ወደ መንገድ የሚያስወጣው። እጥፋቱ ጋ ስትደርስ ድምፅ ሰማች።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ። ማን ልበል?»

«ኧረ እሺ እመቤት» አለ አንድ ሽማግሌ እየሳቀ። «የቆየሁ ደንበኛ ነኝ በይ።»

ድምቡሼ በቀይ ጫማዋ የመነጽር ሱቁ በር ላይ ቆማ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ከግድግዳው ጥግ፣ ኮምፔርሳቶውን ተደግፎ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አማቷ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው በጠርሙስ ወተት፣ በፌስታል የልጅ ቅያሪ ልብስ። ከግድግዳው ወዲያ የጠረጴዛዋ ስልክ ሲጠራ ይሰማል፤ የሚያነሳው የለም። አማቷ ቀድመው አዩዋት። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ፣ አለቃሽ ትሰማለች!» አሉ በሹክሹክታ።

ድምቡሼ ስታያት እየሮጠች መጥታ ጉልበቷን አቀፈች። እናትየዋ እጇን የልጇ ሹሩባ ላይ አደረገች።

«አንቺ በሄድሽ በመጀመሪያው ቀን አልቅሳ አልቅሳ ትንፋሿ ሊቆም ደረሰ» አሉ አማቷ። «በሁለተኛውም ያው። በምን ላባብላት? በመስታወት ትይሽ ብዬ አዝዬ አመጣኋት። ውጪ ቆመን ሳለ ይሄ የመነጽር ሰውዬ፣ ፈጣሪ ይባርከውና፣ ብርድ ነው ግቡ አለን። እዚህ ብንቀመጥ ድምፅሽ በግድግዳው ያልፋል። ሰማችሽና ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ 'እማዬን እንስማት' ካለች ማን ይችላታል? ለሰው መነጽሬ እስኪደርስ ነው እላለሁ። እንዳትሰሚን እሷ በሩ ጋ ትጫወታለች፤ ስልኬም እንዳይጮህብን እዘጋዋለሁ።»

«ሹሩባውስ?»

«ልጄ ናታ፤ ስንመለስ መንገዳችን ነው። እሷንም አትናገሪ ብያታለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ብነግርሽ ስራውን ትተዪው ነበራ።» አማቷ የፌስታሉን ጫፍ ቋጠሩት፣ ፈቱት። «እኔ ባልሽን ስወልድ ትቼ አውቃለሁ። ጥሩ ስራ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ለበጎ ነው እላለሁ።»

እናትየዋ ልትናገር አፏን ስትከፍት የአማቷ ዓይን ከፊቷ ወረደ። ኮቱ ላይ አረፈ፣ ቦርሳው ላይ አረፈ፣ ተመልሶ ወደ ፊቷ ወጣ።

«አንቺስ?» አሉ። «በስራ ሰዓት ቦርሳሽን አንግተሽ ወዴት ነበርሽ?»

እናትየዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘች። ራሴን አሞኝ ማለት ትችል ነበር። መድኃኒት ልገዛ ማለት ትችል ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

«የት ያለን መስሎሽ ነው?»

አማቷ ራሳቸው ደረሱበት፤ ሲደርሱበት በፊታቸው ላይ አየችው። ሻሻቸውን ጎትተው አስተካከሉ። ጫማቸውን ፈልገው አጠለቁ። እንደዚህ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም።

«ይሂዱ» አሉ። «ወንበርዎ ባዶ ነው።»

ጠረጴዛዋ ጋ ስትደርስ ኃላፊዋ ወንበሩን ይዛ ቆማለች። «የት ነበርሽ?» ስትላት «እዚሁ ነበርኩ» አለች፤ አልዋሸችም። ኃላፊዋ ኮቷን አየች፣ ሳሎኑን አየች፣ ወንበሩን ለቀቀችላት። ከሰዓት በኋላው እንዴት እንዳለፈ እሷ ታውቃለች። ያ «ይሂዱ» ቀልድ ይሁን ቁስል ልትለየው አልቻለችም። የልጅቷን ጨዋታ ነው ያስመሰሉት? ወይስ ዛሬ በእውነት ባዳ አደረጓት? አንዴ ቀልድ ነው ትላለች፣ ዓይናቸው ትዝ ሲላት ደግሞ አይደለም። ጠዋት አማቴ ናቸው እንግዳ ያደረጉኝ ብላ ነበር የወጣችው፤ እንግዳ የሆነችው ግን በራሷ እግር ሄዳ ነው። ይቅር በለኝ ብላ ልትጸልይ ፈለገችና፣ ቀድሞ ይቅር ማለት ያለበት ሌላ ሰው እንዳለ ታሰባትና ተወችው። ግድግዳው ዝም ብሏል። ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ቢሆንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች፤ ለበሽተኛው ሳይሆን ለኮምፔርሳቶው። ክሊኒኩ ሲዘጋ ኃላፊዋ በአጠገቧ ስታልፍ «ዛሬ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ እንደዚሁ ቀጥይ» አለቻት።

እናትየዋ ሰፈር የደረሰችው ሬዲዮ ሱቋን ልትዘጋ ስትል ነው። አንገቷን አስግጋ ጠበቀቻት። «እሺ፣ የት ነው ጉዳዩ? ደረስሽበት?»

«መነጽር እያሰሩ ነው» አለች እናትየዋ፣ ሳትቆም።

«ውይ፣ ለልጅቷ?»

«ለኔ።»

ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ቁልፉ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነው፤ በጣቷ ነካችው፣ አላወጣችውም። ከውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታታል፣ የመጥበሻው ድምፅ ይሰማታል፣ የድምቡሼ እግር ወለሉ ላይ ይሮጣል። የራሷን በር አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለች ድምቡሼ ከበሩ ወዲያ።

እናትየዋ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

«ባለተራ ነኝ» አለች።

መጥበሻው ዝም አለ። ድምቡሼ ወደ ኩሽናው ዞራ «እማማ፣ ባለተራ ናቸው! ምን ልበል?» ስትል ተሰማት። ማንኪያ ተቀመጠ። የነጠላ ጫማው ኮቴ ከኩሽናው ወጥቶ፣ ቀስ እያለ፣ ከበሩ ወዲያ ሲደርስ ቆመ። እናትየዋ ግንባሯን ከበሩ አነሳች።

«'ግቢ' በያት» አሉ አማቷ።